ጠያቂ የማይታጣበት ክበብ

በትምህርት ቤትዎ የቴክኖሎጂ ክበብ ለማቋቋም አስበው ከሆነ ሁለት ሥራዎች ቀድመው ወደ አእምሮዎ ይመጡ ይሆናል፦ ተማሪዎች እርስ በርሳቸው እንዲማማሩ ማድረግ፣ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ለአካባቢያቸው የሚጠቅም የንግድ ሐሳብ ይዘው መድረክ ላይ እንዲወጡ ማድረግ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ሁለቱም ግን አንዳች ሳይማሩ ሊሠሩ ይችላሉ። አንዱ ተማሪ ከዩቲዩብ ያየውን ቃል በቃል ደግሞ «አስተማርኩ» ሊል ይችላል፤ ሌላዋ ጓደኛዋ የሠራላትን ስላይድ በጥሩ ድምፅ አንብባ ጭብጨባ ልታገኝ ትችላለች። ልዩነቱን የሚያመጣው ከፊታቸው የተቀመጠው ሰው ነው። ያ ሰው «እንዴት?»፣ «ይሄ ቢበላሽስ?»፣ «ማን ይከፍላችኋል?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ ተማሪው አወቅሁት ያለውን ነገር እንደገና ለማሰብ ይገደዳል። ስለዚህ ከኮምፒውተሩም ከሽልማቱም በፊት የሚደራጀው ጠያቂው ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ የሚዞሩት በጠያቂው ዙሪያ ነው።

ለዚህ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 ፒተር ኮኸን፣ ጄምስ ኩሊክና ቼን-ሊን ኩሊክ ተማሪ ተማሪን ስለሚያስጠናበት አሠራር የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው መርምረው ነበር። የአስጠኚዎቹን ውጤት ከለኩት 38 ጥናቶች በ33ቱ ያስጠኑት ልጆች ካላስጠኑት እኩዮቻቸው በልጠው ተገኙ። ብልጫው በአማካይ ሲታይ ግን መጠነኛ ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት ሮድ ሮስኮና ሚሼሊን ቺ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ዳሰሳ ይረዳል፦ አስጠኚ ተማሪ ለራሱ ከተተወ የሚያውቀውን ደጋግሞ ወደ መናገር ያዘነብላል፤ የራሱን ዕውቀት ፈትሾ የሚያድሰው በተለይ ተጠኚው ጠለቅ ያለ ጥያቄ ሲያነሣበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ በሴንት ሉዊስ ከተማ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጆን ኔስቶይኮና ባልደረቦቹ ለተሳታፊዎች አንድ ጽሑፍ ሰጥተው ግማሾቹን «ትፈተናላችሁ»፣ ግማሾቹን «ለሌላ ሰው ታስተምራላችሁ» አሏቸው። በመጨረሻ ማንም አላስተማረም፤ ሁሉም ተፈተኑ። እናስተምራለን ብለው የጠበቁት ግን ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች በተሻለ ሁኔታና በተደራጀ መልክ አስታወሱ። ጠያቂው ገና ሳይመጣ፣ ይመጣል ተብሎ መጠበቁ ብቻ የአነባበባቸውን መንገድ ለውጦታል። የእኛ ቅኔ ቤትም ይህን ያውቀዋል። ተማሪው የሌላውን ቅኔ ሸምድዶ አይመረቅም፤ የራሱን ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፣ ይታረማል፣ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል፤ በትምህርቱ የገፋው ደግሞ ጀማሪውን ያስጠናል።

«ይሄማ አንድ ለአምስት አይደለም እንዴ?» የሚሉዎ መምህራን አይጠፉም፤ ቢሉም አይፈረድባቸውም። አንድ ለአምስት የተባለው የተማሪዎች ቡድን አደረጃጀት በብዙ ትምህርት ቤቶች የቀረው ለሪፖርት ማሟያ የሚሞላ ቅጽ ሆኖ ነው። ድክመቱ ተማሪ ተማሪን ማስተማሩ አልነበረም። ጎበዝ የተባለው ልጅ ከመስከረም እስከ ሰኔ መሪ፣ አምስቱ ደግሞ ተመሪ ሆነው ይቀሩ ነበር፤ ጠያቂና ተጠያቂ ቦታ አይለዋወጡም ነበር። ከእኛ በፊትም ተመሳሳይ ነገር ተሞክሯል። ጆሴፍ ላንካስተር እ.ኤ.አ. በ1798 ለንደን ውስጥ በከፈተው ትምህርት ቤት አንድ መምህር በትልልቆቹ ልጆች አማካይነት በመቶ የሚቆጠሩ ሕፃናትን ያስተምር ነበር። ርካሽ ስለነበር በብዙ አገሮች ተዛመተ። ትልልቆቹ ልጆች ግን የተሰጣቸውን ከማስደገም በላይ እምብዛም አልሄዱም፤ እንግሊዝም በ1846 ወደ ሌላ ሥርዓት ተሸጋገረች። ስለዚህ ክበብዎን ሲያቋቁሙ የመጀመሪያው ደንብ ይህ ይሁን፦ ማንም ሰው ለሁለት ተከታታይ ሳምንት አስተማሪ ሆኖ አይቆይም።

ቀጥሎ የሚያስተምሩትን ሙያ ይምረጡ። እዚህ ላይ ብዙ ክበቦች ይሳሳታሉ፤ በቀጥታ ወደ ሞባይል መተግበሪያ ወይም ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሮጣሉ። ለመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የሰንጠረዥ ሥራን፣ ማለትም ኤክሴልን ወይም ነፃውን ሊብሬኦፊስ ካልክን ይያዙ። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ በአሮጌ ኮምፒውተር ይከፈታል፣ በሰፈሩ ያሉ ሰዎችም በየቀኑ የሚያስፈልጋቸው እሱ ነው። ፕሮግራም መጻፍ ለሚፈልጉ ልጆች ከኤም አይ ቲ የወጣው ስክራች ገጽታው በአማርኛም አለ፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ቅጂ በፍላሽ አምጥቶ መጫን ይቻላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ኮርሶችም ነፃ ናቸው፤ ኢንተርኔት ላላቸው ይመከራሉ። ይሁን እንጂ ሰርተፍኬት ይዞ የመጣ ልጅ ክበቡ ውስጥ ያንኑ ትምህርት ለአንድ ለማያውቅ ሰው አስረድቶ ጥያቄ እስኪመልስ ድረስ እንደ ጨረሰ አይቁጠሩት።

ማስተማሩን የሚጀምሩት በስድስት ልጆች ነው። ከክፍሉ አንደኛ እስከ ስድስተኛ የወጡትን ብቻ አይልቀሙ፤ መሀል ላይ ያሉትን ይቀላቅሉ፤ ትናንት ራሳቸው ግራ የተጋቡ ልጆች ሌላው የት ላይ ግራ እንደሚጋባ ያውቃሉ። ሰኞ ትምህርቱን ከመስጠትዎ በፊት «ይህን ዐርብ እናንተ ታስተምራላችሁ» ይበሏቸው፤ ከትምህርቱ በኋላ ቢነግሯቸው ጥቅሙ ይቀራል። ዐርብ ዕለት እያንዳንዱ ልጅ ለሁለት ተማሪዎች ብቻ ያስተምር። ማውሱን የሚይዘው የሚማረው ልጅ ነው፤ የሚያስተምረው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን የክበቡ ግማሽ ውጤት ያለው እዚህ ላይ ነው። እጁ የታሰረ አስተማሪ «ቆይ እኔ ላሳይህ» ማለት አይችልም፤ ሕዋሱ የቱ እንደሆነ፣ ቀመሩ ለምን በእኩል ምልክት እንደሚጀምር፣ ስሕተት ሲመጣ ምን ማንበብ እንደሚገባ በአፉ ማስረዳት ግድ ይሆንበታል። የሚማሩት ሁለቱ ደግሞ ከመነሣታቸው በፊት እያንዳንዳቸው ሁለት ጥያቄ የመጠየቅ ግዴታ አለባቸው፤ አንዱ በ«ለምን»፣ ሌላው በ«ቢሆንስ» የሚጀምር። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ያፍራሉ፤ ክፍል ውስጥ መጠየቅ እንደ ድፍረት ወይም እንደ አለማወቅ ሲቆጠር ያደጉ ናቸውና። ግዴታ ሲሆን ግን እፍረቱ የልጁ መሆኑ ቀርቶ የደንቡ ይሆናል።

ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዞ ገደል ነው የሚለው ሥጋት ከሁሉም ይከብዳል፤ በደንብ ሊመለስ ይገባል። አዎ፣ ተማሪ ተሳስቶ ያሳስታል። በቴክኖሎጂ ላይ ግን ስሕተት ከታሪክ ወይም ከሰዋስው ይልቅ ቶሎ ይጋለጣል፤ የተሳሳተ ቀመር የተሳሳተ ድምር ይሰጣል፣ ድምሩን ደግሞ በእጅ ደምሮ ማረጋገጥ ይቻላል። ከዚህ በተጨማሪ በክፍሉ ውስጥ አንድ «አላውቅም» የሚባል ደብተር ያኑሩ። አስተማሪው ልጅ ያልመለሰው ጥያቄ፣ ወይም መልሱን የተጠራጠረው፣ እዚያ ይጻፋል፤ እርስዎ ወይም የአይሲቲ መምህሩ ሰኞ ዕለት ከደብተሩ ሁለት ሦስቱን አንሥታችሁ ታስተምራላችሁ። እንዲህ ሲሆን የመምህሩ ድርሻ አይቀንስም፤ ትምህርቱ ልጆቹ በእውነት ከተደናቀፉበት ቦታ ይነሣል። ደብተሩ ለሁለት ሳምንት ባዶ ከሆነ ሁሉም አወቀ ብለው አይደሰቱ፤ መጠየቅ አቁመዋል ማለት ነው።

ከአራት ከአምስት ሳምንት በኋላ ልጆቹን ወደ ሰፈሩ ያውጧቸው። «ምን ዓይነት መተግበሪያ ቢሠራልዎ ይወዳሉ?» ብለው እንዳይጠይቁ ይከልክሏቸው፤ የእኛ ሰው ለልጅ ክፉ መልስ አይሰጥም፣ «ጎበዝ፣ በርቱ» ብሎ ይሸኛቸዋል፣ እነሱም ገበያ አገኘን ብለው ይመለሳሉ። የሚጠየቀው ያለፈ ነገር ነው። እድር ጸሐፊዋን «እማማ፣ ባለፈው ወር መዋጮ ያልከፈሉትን እንዴት ለዩአቸው? ስንት ሰዓት ፈጀብዎ? ተሳስተው ያውቃሉ?»፤ ጉልት የምትቸረችረውን እናት «ትናንት በዱቤ የሰጡትን የት ጻፉት?»፤ ወፍጮ ቤቱን «ሰው ሰልፍ ረዝሞበት እህሉን ይዞ የተመለሰበት ቀን የቱ ነው?»። ከመልሱ ውስጥ ሰውየው ችግሩን ለማቃለል እስካሁን ያወጣውን ገንዘብ ወይም ጊዜ ይፈልጉ። ምንም አውጥቶበት የማያውቅ ከሆነ ችግሩ ለእሱ ችግር አይደለም፤ ልጆቹ ሌላ በር ያንኳኩ።

እድሩን እንውሰድ፤ ለመማሪያ የሚሆን ብዙ ነገር የያዘ ነው። ልጆቹ 150 አባላት ያሉበትን መዝገብ ወደ ሰንጠረዥ ሊያስገቡ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ የሚያጋጥማቸው ስም ነው፦ በመስከረሙ ገጽ «ኃይሉ»፣ በጥቅምቱ «ሀይሉ» ተብሎ የተጻፈው አንድ ሰው በኮምፒውተሩ ዘንድ ሁለት ሰው ይሆናል፤ የመደመሪያው ቀመርም የአንዱን ክፍያ ለሁለት ከፍሎ ያልከፈለ ያስመስለዋል። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ም እንዲሁ። እዚህ ላይ ልጆቹ እያንዳንዱ አባል ስም ብቻ ሳይሆን የአባልነት ቁጥር ለምን እንደሚያስፈልገው ያለ መጽሐፍ ይገባቸዋል። ቀጥሎ ቀኑ ይመጣል። ኤክሴል በራሱ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ጳጉሜ 5 ቀን 2017ን 5/13/2017 ብሎ የጻፈ ልጅ፣ ፕሮግራሙ በአሜሪካ አጻጻፍ የተቃኘ ከሆነ፣ ሜይ 13 ሆኖ ያገኘዋል። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብሎ ቢጽፍ ደግሞ ፌብሩወሪ 30 የሚባል ቀንም 30ኛ ወርም ስለሌለ ፕሮግራሙ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል፤ በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደር ያ ክፍያ ከቦታው ይጠፋል። መፍትሔው ወሩን፣ ቀኑንና ዓመቱን በየራሱ ዓምድ ማስገባት ነው። ይህን ያገኘች ልጅ በቀጣዩ ዐርብ ታስተምረው። ከየትኛውም የውጭ ቪዲዮ ልታገኘው አትችልም፤ ከእሷ ውጭ የሚያስተምረውም ላይኖር ይችላል።

ሥራው ለአንድ ወር በአንድ እድር ላይ ከወረቀቱ መዝገብ ጎን ለጎን ይሞከር፤ ወረቀቱ አይቋረጥ። ከዚያ በኋላ ሐሳቡን የማቅረቢያው ቀን ይመጣል። ሐሳብ ማቅረብ፣ ወይም በወጣቶቹ አነጋገር ፒች ማድረግ፣ በአገራችን መድረኮች አሁን አሁን ወደ ትርዒት እየተለወጠ ነው፤ ሙዚቃ፣ ቲሸርት፣ በትልቅ ቼክ ፎቶ መነሣት። ለእነዚህ ገንዘብ አያባክኑ። ለእያንዳንዱ ቡድን 10 ደቂቃ ይስጡ፤ 3ቱ ለማቅረብ፣ 7ቱ ለጥያቄ። ዳኞቹን ከወረዳ ጽሕፈት ቤት አያምጡ፤ የእድሩ ገንዘብ ያዥ፣ አንዲት የጉልት ነጋዴ፣ የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤትና ስለ ሥራው ሰምቶ የማያውቅ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ይበቃሉ። አንድ ደንብ ግን ጥብቅ ይሁን፦ ጥያቄውን የሚመልሰውን ልጅ የሚመርጠው ዳኛው ነው። ስለ ገንዘብ የሚጠየቀው ቀመሩን የሠራው ልጅ፣ ስለ ቀመሩ የሚጠየቀው ፖስተሩን የሣለው ሊሆን ይችላል። ይህን እያወቁ የመጡ ልጆች ከዋዜማው በፊት የየራሳቸውን ሥራ እርስ በርስ አስተምረው መጨረስ ግድ ይሆንባቸዋል፤ ማስተማሩና ማቅረቡ አንድ ሥራ የሚሆኑት በዚህ ደንብ ነው። ቴክኖቬሽን የተባለው ዓለም አቀፍ የልጃገረዶች ውድድር እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የአካባቢ ችግርንና የንግድ ዕቅድን ከቴክኖሎጂ ጋር ሲያጣምር ቆይቷል። ከእሱ ብዙ መማር ይቻላል፤ በቪዲዮ የተቀረጸ ማቅረቢያ ግን እንደ ገንዘብ ያዥዋ ፊት ለፊት አያፋጥጥም።

ሒሳቡ ላይ አይለፏቸው። ለምሳሌ ቡድኑ ለእድሩ በወር 300 ብር እናስከፍላለን አለ እንበል። ለወረቀትና ለኅትመት 60፣ ለሞባይል ጥቅል 50፣ ለትራንስፖርት 40 ብር ቢወጣ 150 ብር ይቀራል። ሦስት ልጆች በወር አምስት አምስት ሰዓት ከሠሩ 15 ሰዓት ነው፤ ለአንዱ ሰዓት 10 ብር ደረሳቸው ማለት ነው። የጉልቷ ነጋዴ ይህን ስትሰማ ትስቃለች፤ መሳቋ ጥሩ ነው። ልጆቹ ያኔ ወይ ሰዓቱን የሚቀንስ ሰንጠረዥ መሥራት፣ ወይ ያንኑ ሰንጠረዥ ለሦስት እድር ማዳረስ፣ ወይ «ይሄ የበጎ ፈቃድ ሥራ እንጂ ንግድ አይደለም» ብሎ በግልጽ መናገር እንዳለባቸው ያያሉ። ሦስቱም የተከበሩ መልሶች ናቸው። ያልተከበረው «ወደፊት በመላው አፍሪካ እናስፋፋዋለን» የሚለው ነው፤ እሱን የተናገረ ቡድን ነጥብ ይቀነስበት።

ወላጆች ሁለት ነገር ያነሡብዎታል። አንደኛው ፈተና ነው፤ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ የሚያስታውስ አባት ልጁን ከክበብ ይልቅ ወደ ጥናት ቢሰድ አይገርምም። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ከጥር በኋላ ከመደበኛው ሥራ ያውጧቸው፤ ዳኛና ጠያቂ ሆነው ብቻ ይምጡ። ለሌሎቹ ግን ያው ስልት ለሒሳብም ለፊዚክስም ይሠራል፤ እጅን አጣምሮ ማስረዳትና በ«ለምን» መጠየቅ የኮምፒውተር ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ስሞታ ልጆቹን ከአሁኑ ገንዘብ አሳዳጅ ታደርጋላችሁ የሚል ነው። ለዚህ ስሞታ መነሻ የሚሆነው ሽልማት ነው፤ ስለዚህ የገንዘብ ሽልማት አይስጡ። ብሩ የሚመጣ ከሆነ ከተገለገለው ሰው ይምጣ፤ ያኔ ልጁ የሚማረው ገንዘብ ለአገልግሎት የሚከፈል መሆኑን ነው። ወላጆች የማያነሡትን ሦስተኛ ነገር ግን እርስዎ ያንሡት፦ ሴት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ውሃና ምጣድ ይጠብቃቸዋል፤ ክበቡ ከ10 ሰዓት በኋላ ከሆነ ቀድመው የሚቀሩት እነሱ ናቸው። በምሳ ሰዓት ወይም በትርፍ ክፍለ ጊዜ ያድርጉት። በድብልቅ ቡድን ውስጥ ወንዶቹ ኮምፒውተሩን፣ ሴቶቹ ማስታወሻ ደብተሩን ይዘው እንዳይቀመጡም ይጠብቁ።

የቀረው የኃላፊነት ጉዳይ ነው። ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ልጆች በአብዛኛው በራሳቸው ስም ውል መፈረም አይችሉም፤ ከእድሩ ጋር ያለው ስምምነት በትምህርት ቤቱ ወይም በወላጅ በኩል ይጻፍ፤ ገንዘቡም በአንድ ልጅ ቴሌብር ላይ አይከማች። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አዋጁ ባይኖርም እንኳ ማን መዋጮ እንዳልከፈለ በሰፈር ማውራት ነውር ነው። ልጆቹ የአባላቱን ስምና ስልክ በየግል ስልካቸው እንዳይዙ፣ ለልምምድ የሚጠቀሙበት ፋይል የፈጠራ ስሞች ብቻ ያሉት እንዲሆን ያድርጉ። ሰኔ ሲደርስ ሥራውን የጀመሩት ልጆች ይወጣሉ፤ እድሩ ግን አይወጣም። ስለዚህ ከግንቦት ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን ተተኪ ሁለት የ10ኛ ክፍል ልጆችን አስቀምጦ፣ እጁን አጣምሮ፣ ሰንጠረዡን ያስረክባል፤ የይለፍ ቃሉም በታሸገ ፖስታ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርና ለእድሩ ጸሐፊ ይሰጣል። ተተኪዎቹ የሰኔን መዋጮ ያለ ማንም እገዛ መዝግበው፣ ድምራቸው ከወረቀቱ መዝገብ ጋር ሲገጥም ርክክቡ ተፈርሞ ያልቃል።